የአባት ምርጫ

ካሰች ስልኩን ስታነሳ ለቅሶ የተቀመጡት ሴቶች ጸጥ አሉ። ባሏን አገኘሁን ትናንት ቀብረውታል፤ ልጇ ባምላክ ግን ገና አልሰማም። «መንገድ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ወረታ ሲገባ እናረዳዋለን» ብለው ሽማግሌዎቹ አስጠንቅቀዋታል።

«እማዬ፣ አውሮፕላን ውስጥ ሆኜ ነው የምደውለው፤ ገና አልተነሳንም! መሥሪያ ቤቱ ዛሬ ከሀብታሞቹ ጋር አስቀምጦኛል። የበግ ጥብስ ይሻለኛል ዓሣ?»

«ጥብሱን ብላ፣ ልጄ።»

«እስቲ አባዬን ጠይቂልኝ፤ እሱ የመረጠልኝን ነው የምበላው።»

ካሰች የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ሰው አስቦ እስኪመልስ ያህል ባዶውን መደብ እያየች ቆየች።

«ዓሣውን ብላ ብሎሃል።»

«አውቄው ነበር!» ብሎ ባምላክ ከት ብሎ ሳቀ።

«ጠግበህ ብላ፣ የኔ ጌታ» አለችው። እዚህ ከደረሰ በኋላ ለቀናት እህል እንደማይቀምስ ታውቃለች።