ማርዛና ወንዝ የወረደች ቅዳሜ

ኑማ፣ ጠጋ በሉ። የያዝኩት ወሬ አጭር ነው፤ የቀይ ሥር ሾርባችሁ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።

እኛ አሜሪካ፣ ባፈሎ ከተማ ያለን ፖላንዶች ልጆቻችን በአዘቦቱ ቀን እንደ ሰው ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት ይውላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ወርደው የአያቶቻቸውን ታሪክ ይማራሉ። ይማራሉ ስል፣ ይቀመጣሉ ማለቴ ነው። አስተማሪያቸው ሉድቪካ ናት፤ ደመወዝ የላትም፣ ትዕግሥት ግን እግዜር አልነሳትም።

ዘንድሮ ፈተና የሆኑባት የሰበካው ሊቀመንበር ፓን ዋለንቲ ናቸው፤ ወንዱን ፓን፣ ሴቷን ፓኒ እንላለን፣ አቶና ወይዘሮ እንደማለት ነው። ምድር ቤቱን ቢንጎ ለሚሉት የቁጥር ጨዋታ ፈልገውታል።

«ልጄ ሉድቪካ» አሏት፣ «እነዚህ ልጆች እኮ የሚያኝኩት ማስቲካ ነው እንጂ ታሪክ አይደለም።»

«ይሰማሉ፣ ፓን ዋለንቲ። ዝም ብለው ነው የሚሰሙት።»

«ዝምታቸውንማ አይቼዋለሁ፤ ያንኮራፋል! በይ ስሚኝ። የጭዷ ማርዛና ወንዝ የምትጣል ዕለት እመጣለሁ። ስለ አያቶቻቸው አንዲት ነገር እንኳ ካወቁ ቤቱ ያንቺ ነው። ካላወቁ ወንበሩን በዚያው ቀን አስነሳለሁ።»

ሉድቪካ እንቅልፍ አጣች። ከገና ጀምሮ የምታስተምረው አያቶቻችን እንዴት እንደመጡ ነው። መርከቡን፣ ወደቡን፣ ሰልፉን፣ የዓይን ቆብ ገልብጦ የሚያየውን ሐኪም፣ ኮት ላይ በጠመኔ የሚጻፈውን ምልክት፣ የገቡትን፣ ተቀባይ ዘመድ አጥተው ከበር የተመለሱትን፣ አንድ ሳይቀር ነግራቸዋለች። እሷ ስትናገር ከልጆቹ ታዴክ የሚባለው ይተኛል። ምላሷ ፈጣን የሆነችው ሃልሽካ ደግሞ እጇን ታወጣና፣ «ፓኒ፣ ምሳ መቼ ነው?» ትላለች።

ቀኑ ደረሰ። ማርዛና የምንላት የብርድ እመቤት ናት፤ ጸደይ ሲገባ በጭድ ትሠራና ወንዝ ትጣላለች፣ ብርዱንም ይዛ ትሄዳለች። የባፈሎ ብርድ ይህን አልሰማም፤ ከፋሲካም በኋላ ይቀመጣል። ቢሆንም ወግ ነው። ልጆቹ የሉድቪካን አሮጌ ኮት በጭድ ጠቀጠቁት፣ ከላይ ሻሽ አሰሩላት፣ ዓይንና አፍ ሳሉላት። ስትታይ ከአንዳንዶቻችን አክስቶች ትሻላለች።

«አንዴ ከተጣለች ዞሮ ማየት የለም» አለች ሉድቪካ፣ ወንዙ ዳር አሰልፋቸው። «ዞሮ ያየ ዓመቱን ሙሉ ይታመማል። ገባችሁ?»

«ገባን» አሉ።

ወንዝ አልኳት እንጂ ከልጅ ጉልበት አታልፍም። ማርዛናን ወረወሯት። ሉድቪካ ፊት ፊት እየመራች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቀናች። በመንገድ ኮሽ የሚል የለም። የሚገፋፋ የለም፣ ምሳ የሚል የለም። ምን ዓይነት ጨዋ ልጆች ናቸው፣ አለች በልቧ። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

በር ላይ ፓን ዋለንቲ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ከኋላቸው ወላጆች ሾርባ ያማስላሉ።

«የታሉ ልጆቹ?» አሉ።

ሉድቪካ ያን ጊዜ ዞረች። መንገዱ ባዶ ነው።

«ከኋላዬ ነበሩ...»

«አላየሻቸውም?»

«ዞሮ ማየት የለም!»

ፓን ዋለንቲ ሊቆጡ ብለው ተዉት። እውነቷን ነው፤ እሳቸውም ቢሆኑ አይዞሩም።

«ከረሜላ ቤት ናቸው» አሉ፣ ደስ እያላቸው። «ታሪክሽ ከረሜላ እየላሰ ነው፣ ልጄ። ነይ ላሳይሽ።»

ከረሜላ ቤት የሉም። ፓን ዋለንቲ ድንገት ደስታቸው ጠፋ። ሁለቱ ተያዩ፤ ከዚያ ወደ ወንዙ ሮጡ። ሽማግሌው ቢንጎውንም ወገባቸውንም ረስተው፣ «የማርያም ያለህ፣ ታዴክ ውሃ ውስጥ ተኝቶ እንዳይሆን!» እያሉ ከሷ ቀደሙ።

ልጆቹ ወንዙ ዳር ናቸው። ሁሉም አሉ። እስከ ጉልበታቸው በስብሰዋል። ታዴክ እንኳ ነቅቷል።

«ምን ሆናችሁ ነው?» ጮኸች ሉድቪካ።

«ማርዛናን አወጣናት» አለች ሃልሽካ።

«ዞራችሁ አያችሁ?»

«እንዴት አናይ፣ ፓኒ! በውሃ መጣች። ሻሽ አስራለች። ቋንቋ አታውቅም። አያቶቻችንም እንደዚህ ነው የመጡት ብለውን የለ?»

ፓን ዋለንቲ ጠጋ አሉ። «ከዚያስ?» አሉ።

«ሰልፍ አስያዝናት። ታዴክ ሐኪም ሆኖ ዓይኗን አየ። እኔ ኮቷ ላይ በጠመኔ ጻፍኩ። ከየት መጣሽ፣ ምን ሥራ ትችያለሽ፣ ማን ይቀበልሻል ብለን ጠየቅናት።»

ፓን ዋለንቲ አልቻሉም፤ እንባቸው ወረደ። «አያቴን እንዲህ ነበር የጠየቋት» አሉ። «ልክ እንዲህ። ልጄ ሉድቪካ፣ ይቅር በይኝ። ቤቱ ያንቺ ነው። ቢንጎው ገደል ይግባ!» ኮታቸውን አወለቁ። «በሉ ይህን አልብሷትና አምጧት። ዛሬ ከኔ ጎን ትቀመጣለች፤ ሾርባዋን የምቀዳው እኔ ነኝ። የታለች?»

ሃልሽካ በጠመኔ የነጣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ዘመድ የላትም፤ መልሰን ወረወርናት።»