ጉርሻ በከፍታ ላይ

በባሕሩ ዳርቻ መጫወቻ ስፍራ ወንበሮች የተንጠለጠሉበት ትልቁ ተሽከርካሪ ጎማ ልጇንና እማማ ማይሙናን ይዞ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከፍታ ስለሚያዞራት ከታች የቀረችው እናት አሮጊቷ ቦርሳቸውን ሲከፍቱ አየች። ሳምቡሳ አውጥተው ለሁለት ቆረሱት። ባለፈው ረመዳን አንዲት ሳምቡሳ ልጅቷን አራት ቀን ጉሉኮስ ላይ አስተኝታት ነበር፤ ስንዴ የነካው ነገር እንዳትቀምስ ሐኪሙ አጥብቆ አስጠንቅቋል። ካርቲየ አንድ በሚባለው ሰፈር ጎረቤቷ ለሆኑት ለእማማ ማይሙና ይህን ጠዋት ነግራቸዋለች። «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች?» ነበር መልሳቸው።

«አያጉርሷት» ብላ ጮኸች። ሙዚቃው ድምጿን ዋጠው። የአሮጊቷ እጅ ወደ ልጅቷ አፍ ሲሄድ አየች፤ ወዲያው ወንበሩ ወደ ላይ ወጥቶ ተሰወረባት። የትልቅ ሰው ጉርሻ እንዳትመልስ ልጇን ያስተማረቻት ራሷ ናት።

ወንበሩ ሲወርድ ሮጣ መዳፏን ከልጇ አገጭ ሥር ዘረጋች። ልጅቷ ጉንጯ ውስጥ ይዛ ያቆየችውን ተፋችው። «ይሄን አልዋጥኩትም፣ እማ» አለች። እናትየው አልሐምዱሊላህ ብላ ልጇን እቅፍ አደረገቻት። እማማ ማይሙና የጣታቸውን ዘይት እየጠረጉ ወረዱ። «ጨዋ ልጅ ነው ያሳደግሽው» አሉ። «ሁለቱንም ጉርሻ ሳታሳፍረኝ ተቀበለች።»

እናትየው መዳፏን አየች። እዚያ ያለው አንዱ ብቻ ነበር።