ጀርባውን ለበሩ የሰጠው ዘብ

ሽማግሌው ጠራቢ ጎንበስ ብለው ሲገቡ፣ ዬሪ የሕፃን ልጇን ሬሳ እንደታቀፈች ነበረች። እርሳቸው የጠረቡት የእንጨት ዘብ፣ ቀኝ እጁን ሽቅብ እንዳነሳ አጠገቧ ቆሟል። የመንደሩ አዋቂ እንዲህ እንዲጠረብ ያዘዘው፣ ፊት ለፊቱ ያገኘውን ሁሉ ከዚያ ቤት እንዲያባርር ነበር።

«ሞት በዚህ በር አያልፍም ብለውኝ አልነበር፣ አባባ?» አለ ባሏ፣ ደጃፉ ላይ እንደቆመ። «እንጨትዎ የሰዋሁለትን ዶሮ በላ፤ ልጄን አስበላ።»

 የሽማግሌው ዓይን ዘቡ ላይ ቀርቷል። ዘቡ ለበሩ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ያነሳውን እጁን የልጁ መኝታ ላይ ደቅኖ ነበር። ከትናንት ወዲያ ንዳዱ ሲበረታ ያዞረችው ዬሪ ናት። «ዓይንህን ከልጄ ላይ እንዳትነቅል» ብላ፣ ለገዛ ወንድሟ አደራ እንደምትሰጥ ሁሉ ለምናው ነበር።

ሽማግሌው ቁጢጥ አሉ። ባልየው እንዳያይ በጀርባቸው ከለሉና፣ ዘቡን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው ፊቱን ወደ በሩ መለሱት። ከዚያ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ» አሉት። «ሳይደርቅ ጠረብኩት። እርጥብ እንጨት አቅም የለውም።»

ባልየው ያሉትን አምኖ አንገቱን ደፋ። ዬሪ ግን የሽማግሌው እጆች ዘቡን ወደ በሩ ሲመልሱት አይታ ነበር። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ፣ ልጇን የገደለው ንዳዱ ይመስላት ነበር።