በቤንዚን መጋዘኑ በር ላይ የቆመው ደግ ሰው

«ልብስሽን ሰብስቢ! ከሰካራም ጋር ከእንግዲህ አታድሪም!»

ሸረፋ በልጁ በአሚኔ ላይ ሲጮህ ከድሮ የሚባለው ባሏ ግድግዳ ተደግፎ ይስቅ ነበር…

የሚያስቅ ነገር ግን አልነበረም።

አገሩ ቡታጅራ ነው። ዘመኑ የጣሊያን።

ከድሮ የሚሠራው በጣሊያኖቹ የቤንዚን መጋዘን ውስጥ ነው። ቱቦውን በአፉ እየሳበ ከበርሜል ወደ ጣሳ ይቀዳል። ለካሚዮኖቹ ነው።

ሌባ እንዳይገባ ተብሎ መስኮቶቹ በጣውላ ተመትተዋል።

ማታ ሲመጣ ይንገዳገዳል… ምላሱ ይተሳሰራል… ቆጮውን በቅቤ ብታቀርብለት «ቤንዚን ቤንዚን ይለኛል» ብሎ ይገፋዋል።

ሶላት የማያሳልፍ ሰው ነበር። ሰፈሩ ግን ፈረደበት።

«ሼህ አረቄ! እንዴት አመሹ?» ይሉታል ሲያልፍ።

የመጋዘኑ ካቦ ሽባባው ይባላል። በደግነቱ የታወቀ ሰው። በየጠዋቱ ሠራተኞቹን ወተት ያጠጣል።

ሽማግሌዎች ለነገሩ ሲቀመጡ እሱም ተጠራ።

«ልጁን መጠጥ ይዞታል» አለ አንገቱን ደፍቶ። «አሳዝኖኝ ነው እንጂ እስካሁን ባባረርኩት ነበር።»

ሽማግሌዎቹ መረቁት።

አሚኔ ተነሳች።

«የሚጠጣ ከሆነ ጠርሙሱ እዚያው መጋዘን ውስጥ ነው። ገብታችሁ ፈልጉ። ካገኛችሁ ዛሬውኑ ከአባቴ ጋር እሄዳለሁ።»

ሽባባውን ሳል ሳል አለው… «ሌላ ቀን ቢሆን…»

«አሁን ነው!» አለ ሸረፋ። ልጁን ሊወስድ ቸኩሏል።

ጣሊያኑ አለቃ ለምሳ ሄዶ ነበር። ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ፤ አንዱ ሸረፋ ራሱ ነው። ከበርሜሎቹ ኋላ… ከጆንያው ሥር… ጎንበስ ብለው፣ ሳይቸኩሉ ፈለጉ።

ጠርሙስ የለም።

አንደኛው ሽማግሌ እየተንገዳገደ ወጥቶ አጥሩ ሥር አስመለሰው።

ሌላው ራሱን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ሸረፋ… ጥምጥሙ ተፈትቶ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ… ይስቅ ነበር። ልክ እንደ አማቹ።

«አባቴ፣ አረቄው እንዴት ነው?» አለችው አሚኔ።

ዞረው ሽባባውን ፈለጉት።

በሩን አላለፈም። ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ራቅ ብሎ፣ የጋቢውን ጫፍ አፍንጫው ላይ አድርጎ ቆሟል።

«አንተ ለምን አልገባህም?» አለው ሸረፋ፣ ምላሱ እየተሳሰረ።

«እኔማ… ሽታው ራሴን ያመኛል።»

የሚያሰክረው የቤንዚኑ ትነት መሆኑን ያውቅ ነበር!

ወተቱም ሠራተኞቹ ቶሎ እንዳይወድቁበት ነው። ለዚያም አልጠቀመም፤ ወተት ሳንባ አያጥብም።

የከፋው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ሽማግሌዎቹ «ከድሮ ሰካራም አይደለም» ብለው ስሙን መለሱለት። አሚኔም ከባሏ ጋር ቀረች። ሽባባው መስኮት እንዲከፍት ተነገረው፤ «እሺ» አለ። ተመራርቀው ተለያዩ።

መስኮቱ አልተከፈተም።

ከድሮ እንቢ ቢል በግድ ወደ መንገድ ሥራ ይነዳ ነበር። ስለዚህ ወደ መጋዘኑ ተመለሰ። ቆይቶ ፊቱ አመድ መሰለ… ድዱ ሳይነካ ይደማ ጀመር… ጣሊያን ሳይወጣ ሞተ።

ሽባባው ለቅሶ ሊደርስ ማር ይዞ መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ «ወይ ደግነት!» አለ።

አሚኔ በሩ ላይ ቆመችበት።

«አይግቡ ጋሼ ሽባባው። የባሌ ልብስ ገና ይሸታል። ራስዎን ያምዎታል።»

ማሩን እንደያዘ ተመለሰ።

ትምህርቱ ይኸው ነው፦ ሳያውቅ የሚያስገባ ተሳስቷል። አውቆ እሱ በር ላይ እየቆመ ሌላውን የሚያስገባ ግን፣ ወተትም ቢያጠጣ ማርም ቢያመጣ ገዳይ ነው።

ከአገሬ ከወጣሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ፤ ብዙ አገርም አየሁ። ሽባባው የሌለበት አላገኘሁም። ዛሬም ወጣቶቻችን የነዳጅ ቱቦ በአፋቸው ሲስቡ በቪዲዮ አያለሁ… የሚያዛቸው ሰውዬ ራቅ ብሎ ስልኩን ይነካካል።

እስቲ ንገሩኝ… እናንተ በምትሠሩበት ቦታ በሩ ላይ የቆመው ማን ነው?

ወይስ… እናንተው ናችሁ?