ከ1.35 በላይ

ቴክኒሻኑ የኮምፒውተር ፍጥነት ሲጨምር ልማዱ አንድ ነው፤ ቮልቴጁን በ0.01 ከፍ ያደርጋል፣ ይሞክራል፣ ቁጥሩን ይጽፋል። የእህቱን ኮምፒውተር ሜሞሪ ትናንት እንዲህ ጨርሶ ዛሬ ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ከ1.35 ቮልት ላለማለፍ ወስኗል።

«አንተ ደግሞ፣ መድኃኒት የምትቀምም አስመሰልከው!» አለች እህቱ። «ነገ የማስረክበው ሥራ አለኝ፤ ትንሽ ጨምርበት።»

«ካቃጠልኩት በምን ልታስረክቢ ነው?»

1.35 ላይ ሙከራው አለፈ። እፎይ ብሎ እርሳሱን ሲያስቀምጥ ከቦርዱ ጋር ያገናኘው የቮልት መለኪያ 1.36 አሳየ።

እሱ አልጨመረም። ወደ 1.30 ዝቅ አደረገው። መለኪያው 1.37 አለ።

ገመዱን ከግድግዳው ነቀለ። ስክሪኑ ጠፋ፤ ማራገቢያው ቆመ። የመለኪያውን ሁለት ሽቦዎችም ከቦርዱ ላይ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው።

1.38።

«ምን ሆነ? ጋለ እንዴ?» ብላ እህቱ መዳፏን በኮምፒውተሩ የብረት ሳጥን ላይ አሳረፈች።

«እጅሽን አንሺ።»

«ኧረ ቀዝቃዛ ነው፣ አንተ ፈሪ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቋረጠች። ትከሻዋ ወደ ኋላ ተሳበ፣ ክርኗ ተወጠረ፤ መዳፏ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።

«ወንድምዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «አልላቀቅ አለኝ።»

1.39።