የሌለ መኪና ቦታ

ለላይኛው ሌድሊ መንገድ ነዋሪዎች በሙሉ፦ ወንበሩ ዛሬም በክብር ቦታው ላይ ማደሩን ስናበስር ታላቅ ደስታ ይሰማናል። አራት የብረት እግሮች፣ ቢጫ የፕላስቲክ መቀመጫ፣ አንድ የተሰነጠቀ መደገፊያ። ሌሊቱን የወረደው በረዶ እስከ ጉልበቱ ቀብሮታል፤ ክብሩን ግን አልነካውም።

ፒትስበርግ ውስጥ ለመኪናው ማቆሚያ የመንገድ ዳር በረዶ የዛቀ ሰው የዛቀው ቦታ የእሱ ነው። ወንበር ካስቀመጠበት ደግሞ ፖሊስም አይነካውም። የጎረቤቴን የቨርን ሃቭርላን ወንበር ልዩ የሚያደርገው ቦታ የሚጠብቅለት መኪና አለመኖሩ ነው።

መኪናውማ ታዟል። ትንሽ ፒካፕ ናት፣ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የምትሄድ። ፋብሪካው ሙቀቱ ሳያልፍ ትደርሳለች አለ፤ ቀጥሎ ቅጠሉ ሳይረግፍ አለ፤ አሁን "በሂደት ላይ ናት" ብቻ ይላል። ቨርን የቤት ማሞቂያ ጠጋኝ ነው። አሮጌው ቫኑ ከሞተ ወዲህ የመሣሪያ ሣጥኑን ታቅፎ በአውቶቡስ ይሄዳል። ቤቱ የቀዘቀዘበት ሰው ግን አውቶቡስ እስኪመጣ አይታገስም፤ ሌላ ጠጋኝ ይጠራል። እንጀራው በሚገኝበት በዚህ ብርድ የቨርን ስልክ ዝም ማለት ጀምሯል።

ሦስት ጎረቤታሞች በረዶ እየዛቅን ነው።

"ቨርን፣ መኪናህ እንዴት አደረች?" ይላል ፊት ለፊት የሚኖረው ቴሬል፣ አካፋውን ተደግፎ። "በረዶው አልከበዳትም?"

"ደህና አድራለች።" ቨርን ቀና አይልም።

"ሰፈሩን እንዳትረብሽ ቀስ ብለህ አስነሳት።"

"ስትነሳ ድምፅ የላትም።"

"የሌለች መኪና ምን ድምፅ ይኖራታል!"

እስቃለሁ። ቨርንም በጢሙ ውስጥ የሳቀ ይመስለኛል። ቴሬል ግን ገና አልጨረሰም።

"ደግሞ ለዚች ቁንጫ መኪና ይሄን ሁሉ የምትዝቀው ምን ሆነህ ነው? ከአንተ በር ጀምረህ እስከ ወይዘሮ ፓልሚዬሪ በር! ሠርግ ልትደግስ ነው?"

"እጄ ለምዶብኝ ነው።"

ስልኩ ይጮኻል። ቨርን ጓንቱን በጥርሱ ያወልቅና ድምፁን ለቆ ወንበሩ ላይ ያስቀምጠዋል። የመኪና ሻጩ ነው፤ ሎተሪ የደረሰው ሰው ይመስላል።

"ሚስተር ሃቭርላ! የምሥራች! ትልቁ ፒካፕ ግቢያችን ቆሟል። ያዘዘው ሰውዬ ሰርዞታል። በትንሿ ዋጋ እንሰጥዎታለን፤ ዛሬውኑ ይዘውት ይሂዱ!"

"የእኔዋስ?"

"የእርስዎማ... በሂደት ላይ ናት። ለፋሲካ ልትደርስ ትችላለች። ላትደርስም ትችላለች።"

የቴሬል አካፋ ከእጁ ይወድቃል። "ውሰድ! ቨርን፣ በማርያም፣ ውሰድ በለው!"

እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። እኛ ሰፈር ትልቅ ፒካፕ ሲያልፍ ሰው ንግግሩን ያቋርጣል። ቨርን ነገ ጠዋት ሥራ ላይ ነው ማለት ነው፤ መሣሪያው በስተኋላ፣ ስሙ በበሩ ላይ ተጽፎ።

ቨርን ከወንበሩ ጀምሮ በዛቀው አስፋልት ላይ ይራመዳል፤ ጫማውን በጫማው ጫፍ ላይ እየገጠመ፣ ርቀቱን በእግሩ እየለካ፣ ቀስ ብሎ። መሃል ላይ ይቆማል። ወደ ወንበሩ ዞር ብሎ ያያል። እንደገና ይራመዳል፤ ከዚያ ወይዘሮ ፓልሚዬሪ በር ላይ ሲደርስ ከንፈሩን ይነክሳል።

"ሚስተር ሃቭርላ? አሉ?"

"ቆየኝ።"

ነጩ ቫን ከጥጉ ብቅ ይላል፤ ወይዘሮ ፓልሚዬሪን ለኩላሊት እጥበት የሚወስደው። ሹፌሩ ማንንም አይጠይቅም። መንገዱ መሃል ያቆምና የጎኑን በር ይከፍታል፤ የዊልቸሩ ማንሻ እያቃሰተ ይወርድና በረዶ የሌለበት አስፋልት ላይ ያርፋል። የማንሻው ጫፍ ከቨርን ወንበር ትንሽ ራቅ ብሎ ይቆማል።

ወይዘሮ ፓልሚዬሪ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው በዊልቸራቸው ይወጣሉ።

"ቨርን! መኪናህ መጣች?"

"እየመጣች ነው፣ ወይዘሮ ፓልሚዬሪ።"

"ያ ቫንህ ሲሞት ደስ አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ጎህ ሳይቀድ መስኮቴን ያንቀጠቅጠው ነበር።"

"ነግረውኛል።"

"አልነገርኩህም! ተሳድቤ ነው የነገርኩህ!"

እየሳቁ ወደ ላይ ይነሳሉ፤ ማንሻው ሲያነሳቸው ለመንገዱ ሁሉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እኔ ወንበሩን አያለሁ፣ ማንሻውን አያለሁ። ትልቁን ፒካፕ በሐሳቤ አምጥቼ ወንበሩ ቦታ ላይ አቆመዋለሁ። ኋላው ማንሻው ካረፈበት ላይ ተዘርግቶ ይታየኛል። ቀስ ብዬ አስነሳና ወደ ሻጩ ግቢ እመልሰዋለሁ።

ቴሬል ይሄን አላየም፤ ስልኩ ላይ አጎንብሶ ሻጩን "እንዳትዘጋው፣ አደራ፣ እንዳትዘጋው" እያለ ይለምናል።

ቨርን ስልኩን ያነሳል። "ትልቁን ለሌላ ሰው ስጠው።"

"ሚስተር ሃቭርላ፣ እንዲህ ያለ ዕድል እኮ—"

"ትንሿን ነው ያዘዝኩት።" ይዘጋዋል።

ቴሬል ይጮኻል። "አብደሃል። እውነት አብደሃል! ሰው በዚህ ብርድ እየተንቀጠቀጠ አንተ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሣጥን ታቅፈህ ልትቆም? ለምን? አንድ ምክንያት ንገረኝ፣ አንዲት ብቻ!"

ነጩ ቫን ይንቀሳቀሳል። ጎማው ገፍቶ የተወውን በረዶ ቨርን ከወይዘሮዋ በር ፊት በአካፋው ይጠርጋል። ከዚያ ተመልሶ የወንበሩን መቀመጫ በክርኑ ያብሳል፣ የተዛነፈውን እግር ያስተካክላል።

"ቨርን! አንተን እኮ ነው!"

"ሰምቻለሁ" ይላል ቨርን። "አልነግርህም።"