በጋራዡ ግቢ ዛፍ ሥር

አርክቴክቷ እናቷን መጀመሪያ ወደ ሥራ ቦታዋ የወሰደቻቸው ሳታስበው ነው። ከዓይን ሐኪም ስትመልሳቸው ሕንፃ ልትሠራበት የፈለገችው መሬት መንገዷ ላይ ስለነበረ፣ «አንድ አፍታ አይቼ ልምጣ፤ መኪና ውስጥ ጠብቂኝ» አለቻቸው። እናትዬው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተማሪ ሆነው የኖሩ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤት የጠበባቸው፣ ተቀምጦ መጠበቅ የማይሆንላቸው ሴት ናቸው። ገና ሞተሩ ሳይጠፋ ወረዱ።

ሥራው የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ ብዙ መብራትና ውሃ የማይፈጅ፣ አካባቢውን የማይጎዳ አረንጓዴ ሕንፃ። ሁለት ቦታ ቀርቦለታል። አንደኛው ወንዝ ዳር ያለ ለምለም መስክ ነው፤ ኮሚቴው ገና ሲያየው ልቡ እዚያው ቀረ። ሁለተኛው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ያለ የተዘጋ ጋራዥ ነው፦ ዘይት የጠጣ መሬት፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ጥግ ላይ አንድ ግዙፍ ዛፍ።

አርክቴክቷ የፈለገችው ጋራዡን ነው።

«ወፉንና እንቁራሪቱን አባረን ኮንክሪት ከሞላንበት በኋላ ሕንፃውን አረንጓዴ ብንለው ማንን ልናታልል ነው?» አለች ለኮሚቴው። «የተበላሸ መሬት እያለ ደህናውን አናበላሽ። እዚህ ሰዉ በእግሩም በአውቶቡስም ይመጣል።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ራሱን አከከ። «ዘይቱ ወደ ታች ጠልቆ ከሆነስ? አፈሩ ይመርመርና እንነጋገር።»

ምርመራው ለአንድ ወጣት የአፈር ባለሙያ ተሰጠ። መልከ መልካም ነው፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ትዳርም የለው። አባቱ አብረውት ይመጣሉ፤ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው፤ ቤት መዋል ስላልሆነላቸው ለልጃቸው ሜትር ይይዙለታል።

ከመኪናው በወረዱበት በዚያ ቀን እናትዬው ጋራዡ ግቢ ውስጥ የነበረውን ባለሙያ ጠጋ አሉት። «እሳቸው አባትህ ናቸው? እናትህስ፣ ልጄ?»

«አርፋለች። ቆየች።»

«አፈሩ ይቅለላት» አሉ። ፊታቸው ግን ያን ያህል አላዘነም።

«ይቺ እናቴ ሴት አማት የሌለችበት ቤት እየመረጠችልኝ ነው» አለች አርክቴክቷ በልቧ።

ከዚያ ወዲህ እናትዬው አልቀር አሉ። ጉድጓድ ሊቆፈር ነው ሲባል አዲስ ጫማቸውን ተጫምተው፣ ከልጃቸው ቀድመው መኪናው ውስጥ ይገኛሉ። ቦታው ላይ ሲደርሱም፣ «በሉ እናንተ ሥሩ፤ እኛ አሮጌዎቹ ዞር እንበልላችሁ» ብለው የባለሙያውን አባት ወደ ዛፉ ጥላ ይዘው ይሄዳሉ። አርክቴክቷና ባለሙያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ብቻቸውን ይቀራሉ፤ እሱ አፈር ሲያሸት፣ እሷ በንዴት ስትቀላ።

አንድ ቀን ባለሙያው፣ «እንግዲህ ናሙናው በቂ ነው» ሲል አባቱ ከጥላው ሥር ብድግ አሉ። «አንድ ጉድጓድ ቢጨመር አይሻልም?»

«ይጨመር እንጂ!» አሉ እናትዬው። «ጥንቃቄ መች ይከፋል?»

አርክቴክቷ መኪና ውስጥ አፈነዳችው። «እማዬ፣ የምታደርጊው ያልገባኝ እንዳይመስልሽ!»

እናትዬው አንገታቸውን ሰበሩ። «ታዲያ ምን ነውር አለው? ሰው እስከ መቼ ብቻውን ይኖራል?»

«እኔ ሥራ ላይ ነኝ!»

«ሥራሽን ማን ከለከለሽ? ጨዋ ቤተሰብ ናቸው ነው የምልሽ።»

ማታውን ጥርሷን ነክሳ ንድፏን ቀጠለች። የጠዋትና የማታ ፀሐይ አንባቢውን እንዳይጠብሰው የሕንፃውን ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ አዞረችው። የጣሪያው ዝናብ ተጠራቅሞ አትክልቱን እንዲያጠጣ አደረገች። አንደኛው ክንፍ ግን ከዛፉ ጋር ተጋጨ። እናትዬው በትከሻዋ ላይ አጮልቀው አዩና ጮኹ።

«ዛፉን ትነኪና ልጄ አይደለሽም!»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ለዛፍ ያሰብሽው?»

«ከአሁን ወዲህ!»

ክንፉን በዛፉ ዙሪያ አጠፈችው፤ ጥግ የነበረው ዛፍ በክንፎቹ መካከል ቀረ። እውነቱን ለመናገር ንድፉ ይበልጥ አማረ።

የአፈሩም ውጤት ደረሰ። ዘይቱ ከላይኛው አፈር አላለፈም፤ ከሥሩ ያለው ጥቅጥቅ ሸክላ አግዶታል። ላይ ላዩ ተነሥቶ ቢጸዳ ይበቃል። ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ጋራዡን መረጠ፤ ሰብሳቢውም «እኔማ ድሮም ብያለሁ» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

አርክቴክቷ በደስታ እየበረረች ስትወጣ ባለሙያው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። እጁን ያፋትጋል።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ፈልጌ ነበር» አለ። «የቤተሰብ ጉዳይ ነው። እናትሽ ያውቃሉ።»

አይቀርም ያለችው መጣ። መስታወት ፊት ስትለማመደው የከረመችውን በአንድ ትንፋሽ ለቀቀችው።

«ከመናገርህ በፊት ስማኝ። ጥሩ ሰው ነህ፣ ቁም ነገረኛም ነህ። ግን እናቴ ስለወደደችህ ብቻ ላገባህ አልችልም። እባክህ አትቀየመኝ።»

ባለሙያውን ሳቁ አመለጠው፤ ግድግዳውን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ኧረ ምን ያስቀይመኛል፣ እህቴ» አለ ዓይኑን እየጠረገ፤ «እኔ የመጣሁት አባቴና እናትሽ ሊጋቡ መሆናቸውን ልነግርሽ ነው።»